ሽማግሌው ቱቦ ነው

ጥር 9 ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለድምቢጥ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ በሙሉ ጤናና በሰፊ ትንፋሽ ታግኝሽ። በሆድሽ ያለው እንግዳ ደህና ይክረም፤ ባለቤትሽንም ባሕሩ በሰላም ይመልስልሽ።

እኛ ቤት የሰሞኑ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ የሽማግሌው ነገር። ጉሮሮው ታፍኖ መከራችንን አብልቶናል። መጀመሪያ ማጉረምረም አበዛ፤ እሱ ደግሞ መቼ ማጉረምረም ትቶ ያውቃል ብለን ችላ አልነው። ቀጥሎ የሰጠነውን ሁሉ አልውጥም አለ። ያጠጣነውን መልሶ ይተፋዋል፤ አረፋው ወለሉን አልፎ እስከ ኮሪደሩ ይደርሳል። ሽታውንማ ተዪው። ልብስ ማጠብ አቁመን የቆሸሸው ተራራ አክሏል።

ያላደረግነው የለም። የፈላ ውሃ አፈሰስንበት። በማግስቱ ኮምጣጤ ጨመርንበት፤ ተንፈቅፍቆ ተንፈቅፍቆ ዝም አለ። ወንድምሽ ጎማውን ይዞ «ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!» እያለ ሲደቃው ዋለ። የወጣ ነገር የለም። በመጨረሻ ዶክተሩን አስጠራነው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «የታነቀው ከጥልቁ ነው» አለ። በጉሮሮው ሽቦ ሰደደበት፤ ሽቦው ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። «ዕድሜው ሄዷል፤ እኔን ብትሰሙኝ ቆርጦ ማየት ነው» ብሎን ወጣ።

ወንድምሽ ግን ቁርጥ አድርጎ «ነቅለን እንጣለው፤ አዲስ እናስገባ» ይላል። እኔ አልጨከንኩም። ስንት ዓመት ያገለገለን ነው፤ አንድ ዕድል ይሰጠው አልኩ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናንተ ዘንድ ጉሮሮ የሚጠርግ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ረጅም ሽቦ አለ ይላል ዶክተሩ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ብትልኪልን። ካልተገኘ ግን እንዳትጨነቂ፤ አንቺ አሁን ምንም ነገር ሊያስጨንቅሽ አይገባም። ይህንንም የጻፍኩልሽ ሌላ ወሬ ስለጠፋ ነው።

ከባድ ነገር አታንሺ። ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳውን ያዢ።

ከልቤ የምናፍቅሽ
እትዬ፣ የወንድምሽ ሚስት


የካቲት 2 ቀን

እትዬ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ።

ምን ነካችሁ? ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት እዚሁ መጋረጃ የምሰፋበት ቤት ውስጥ ከፈትኩት። «የፈላ ውሃ አፈሰስንበት» የሚለው ላይ ስደርስ ያነበብኩት ነገር አልገባኝም፤ ደግሜ አነበብኩት፤ እንደገና ደገምኩት። ፊት ለፊቴ የምትሰፋው ሴት «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» ስትል ይሰማኛል። ከዚያ ወደቅሁ። መጋረጃው ክምር ላይ አስተኙኝ።

የፈላ ውሃ! በአባባ ጉሮሮ! በምን ኃጢአቱ?

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ አባባን ከጀርባው «ሽማግሌው» እያለ ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከእሱ ምን ይጠበቃል። አንቺ ግን? አባባን «እሳቸው» ሳትዪ ውለሽ የማታውቂው፣ ሰውየው በሌለበት እንኳ በወንበሩ ፊት ጎንበስ ብለሽ የምታልፊው፣ «ይተፋዋል»፣ «አልውጥም አለ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሰው ሲታመም ክብሩም አብሮ ይወርዳል እንዴ? በጎማ መደቃትስ ምን ማለት ነው? «ነቅለን እንጣለው» ማለትስ? ወዴት ነው የሚጣለው? አባት እንደ ጥርስ ይነቀላል? «አዲስ እናስገባ»! ከየት ታመጣላችሁ አዲስ አባት?

ያ ዶክተርስ የት የተማረ ነው? መድኃኒት ቤት ሮጬ ሄጄ «የአባቴን ጉሮሮ የምጠርግበት ረጅም ሽቦ ስጡኝ» አልኩ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አየኝና «እመቤት፣ የምትዪው ዕቃ ያለው የብረታ ብረት መደብር ነው» አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ሰድቤው ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችሁ ዘንድ ደወልኩ፤ መስመሩ ሞቷል።

እባክሽ እውነተኛ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የላክሁለትን አረንጓዴ ብርድ ልብስ ደርቡለት። «እኔ በቁሜ ሳለሁ ይህ ብርድ ልብስ ውሃ አያይም» ብሎ ያጻፈልኝን አልረሳሁም፤ ይቆሽሽ ግድ የለም፣ ብቻ እሱ ይሙቀው።

ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ካለፉት ደብዳቤዎችሽ መጨረሻ ላይ የእሱ መስመር የለም። አንቺ ጽፈሽ ስትጨርሺ እሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል ያደርግ ነበር፤ አንቺም እሱ እንዳለው አድርገሽ ታሰፍሪልኝ ነበር። ለካ ጉሮሮው ኖሯል! መናገር ካቃተው በጣቱ ያሳይሽና ጻፊልኝ።

ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ነበር። «የልጁ ልብ ደህና ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የእናቱ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ባሕር ላይ ነው። ከማን ጋር ላልቅስ?

ቶሎ ጻፊ። እውነቱን ጻፊ።

ድምቢጥ


የካቲት 20 ቀን

የኔ እህት ድምቢጥ፤

አንቺንም የሆድሽንም የጠበቀ ፈጣሪ ስሙ ይመስገን። ልብሽም፣ ሆድሽም ይረጋ።

ወንድምሽ የላከው ቴሌግራም ቀድሞኝ ደርሶ ይሆናል። «ሽማግሌው ቱቦ ነው አትደንግጪ» ነው ያለው። የቴሌግራም ቤቱ ጸሐፊ ደጋግሞ አስነብቦት «ጌታዬ፣ ይሄ ምስጢር ነገር ከሆነ አልቀበልም» ብሎት ነበር አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወንድምሽ ከጓሮ በኩል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራ፤ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከገንዳው ሥር የፍሳሽ ቱቦ። የመጀመሪያውን ዕጣቢ ስንለቅበት ቱቦው አጉረመረመ፣ ሳለ፣ መጨረሻ ላይም «እህህ» አለ። ወንድምሽ «ቁርጥ ሽማግሌው!» ብሎ ሳቀ፤ ስሙ በዚያው ወጣለት። አባባም ሰምተው «በቁሜ ስሜን ለቱቦ ሰጣችሁት። እንግዲህ ሲታፈን እኔን እንዳትጠሩ» ይሉን ነበር። እኛ ቤት ሽማግሌው ሲባል ከዚያ ወዲህ ቱቦው ነው። አንቺ ይህን እንደማታውቂ እንዴት እንደተሰወረኝ አላውቅም።

ዶክተሩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ብርጭቆ ቱቦው ላይ ደፍቶ ጆሮውን እየለጠፈ ስለሚያዳምጥና ጥቁር ቦርሳ ስለሚይዝ ነው ሰፈሩ ዶክተር ያለው። ሰው አክሞ አያውቅም፤ ወደፊትም አያክምም። ጎማ ያልኩሽም የታፈነ ቱቦ የሚገፋበት ባለ እጀታ ጎማ ነው።

እኔማ አባባን «እሱ» ብዬ ልጻፍ? እጄ ይቆረጥ! ደብዳቤሽን ሳነብ፣ ራሴ የጻፍኩትን ነገር በአንቺ ዓይን አየሁትና የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከቤቱ ወሬ ሁሉ ማንንም የማያስደነግጠውን መርጬ መጻፌ ነበር፤ የመረጥኩት ይህንን ሆነ። ወንድምሽ ግን ሳቀ። «አባት እንደ ጥርስ ይነቀላል?» የሚለው ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ከመሀል ተቆረጠና ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም።

እንግዲህ ማንም የማንንም ጉሮሮ አልነካም። ማንም የፈላ ውሃ አልጠጣም። ይህን እመኚኝ።

የአባባን መስመር ጠይቀሻል። እሱን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ግን ባለቤትሽ ከመርከብ የሚወርድበትን ቀን በትክክል ጻፊልኝ። እንዳትረሺ።

እትዬ


መጋቢት 11 ቀን

ለውድ እትዬ፤ እንደምን ከረማችሁ? ሽማግሌውስ እንደምን ከረመ? የምጠይቀው ሁለቱንም ነው!

ቴሌግራሙ ደብዳቤሽን ቀድሞ ደረሰኝ። «ሽማግሌው ቱቦ ነው።» አለቃችን ራሷ ነች ያመጣችልኝ፤ ክፉ ወሬ መስሏት እጄን ይዛ ቆማለች። አነበብኩት። ደግሜ አሰብኩት። አባባ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ገብቶለት ይሆናል ብዬ እንደገና ልወድቅ ስል «አትደንግጪ» የምትለዋን አየሁ። ደብዳቤሽ እስኪመጣ ድረስ ያቺን ቃል ይዤ ነው የሰነበትኩት።

አሁን ትርጉሙን የነገርኳቸው የሥራ ጓደኞቼ ቴሌግራሙን ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ጠዋት ስገባ «ቱቦው እንዴት አደረ?» ይሉኛል። መድኃኒት ቤት ገብቼ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «አባትሽ ተሻላቸው?» ሲለኝ «ቱቦ ናቸው» አልኩት። አሁንስ በእርግጥ አበደች ሳይል አይቀርም። ከዚያ ብረታ ብረት መደብር ሄጄ ሽቦውን ገዛሁ፤ በእርግጥም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የመርከብ ሰው አግኝቻለሁ፤ ይዞላችሁ ይመጣል።

ሳቄን እንዳታዪው፤ ድንጋጤው እስካሁን ከሰውነቴ አልወጣም። መቀስ ወድቆ ድምፅ ሲያሰማ እዘላለሁ። ግን ያ ሁሉ ባዶ ሆኖ መቅረቱን ሳስበው እንደገና የተወለድኩ ይመስለኛል።

በይ እንግዲህ ንገሪኝ፤ ምን ነበር ያነቀው? ሳልሰማ እንዳልወልድ! የወንድሜ ካልሲ ነው? ወይስ መሐረብ፣ ወይስ ማንኪያ?

ባለቤቴ የሚወርደው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ለምን ፈለግሽው?

አባባስ ስለዚህ ስሕተት ምን አለ? መቼም ሳይቀልድበት አያድርም። የእሱን መስመር እየጠበቅሁ ነው፤ በዚህኛው እንዳታስቀሪብኝ።

ድምቢጥ


ሚያዝያ 3 ቀን

ለእህቴ ለድምቢጥ፤

ሳቅሽ በወረቀቱ ውስጥ ተሰማኝ፤ ፈጣሪ አያጉድልብሽ።

ሽቦው ሳይደርስ ነገሩ አለቀ። ዶክተሩ እንደገና መጣና ከላይ መታገሉን ትቶ ከታች ያዘው። ገንዳው ሥር ቱቦው እንደ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለውን ቀለበት በመፍቻ ፈታው። ባልዲ ከሥሩ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ከዚያ ምንም። እጁን ሰደደና «ይዤዋለሁ፤ ወደ ኋላ ሁኑ» አለ። ይስባል፤ ይመጣል፤ ይስባል፤ አያልቅም። ባልዲው ውስጥ ዘፍ ሲል ድመት የወደቀ መሰለኝና ጮህኩ። አረንጓዴ የሱፍ ጉድፍ ነው፤ ተጠቅልሎ፣ ሳሙና ጠጥቶ፣ ደህና ድመት ያክላል። «ለመሆኑ ምን አውሬ ነው የላጫችሁት?» አለን ዶክተሩ። ጩኸቴን የሰማችው ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እንዳትጥዪው፤ ፈትለሽ ሹራብ ይወጣዋል!» አለች።

ቀለበቱን መልሶ አጠበቀው፤ ውሃ ለቀቅን። ቱቦው ዋጠ፣ ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያ እንደ ድሮው አጉረመረመ፤ መጨረሻ ላይም «እህህ» አለ። ወንድምሽ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ነቅለን እንጣለው ማለቱን ትቶታል። አሁን የገንዳው አፍ ላይ የአሮጌ ካልሲ ጫፍ አስሬበታለሁ፤ ጉድፉን እሱ ይይዘዋል። አንቺም ቤት ልብስ የምታጥቢ ከሆነ እንዲሁ አድርጊ።

አባባ ቢሆኑ «ሲታፈን እኔን እንዳትጠሩ አላልኳችሁም?» ይሉን ነበር።

ሰኔ መግቢያ ያልሽውን ይዣለሁ። እስከዚያ ጎንበስ ብለሽ አትሥሪ።

እትዬ


ሚያዝያ 24 ቀን

እትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ከጨርቅ ጋር የምውል ሰው ነኝ። ጥጥ የድመት ያህል ጉድፍ አይጥልም። እንዲያ የሚራገፈው ሱፍ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ሲነካው ነው። በዚያ ቤት አረንጓዴ ሱፍ አንድ ብቻ አለ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠርዙን የዘመዘምኩትም እኔ ነኝ። «ውሃ አያይም» ያለውም እሱ ነው፤ እስከ መቼ ድረስ እንዳለ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤዎችሽን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። ቱቦው ያጉረመርማል፤ ቱቦው ይውጣል። ስለ አባባ በጻፍሽበት ቦታ ሁሉ ግን «ይሉ ነበር» ነው ያለው። «ቢሆኑ» ብለሻል። ቱቦው አለ። አባባ ነበር።

አትመልሺልኝ ብዬ እንዳልለምንሽ እፈራለሁ፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ብርድ ልብሱ ለምን ታጠበ?

ቴሌግራም እንዳትልኩልኝ። ደብዳቤሽን የምከፍተው ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ የምትሰፋው ሴት አጠገቤ ትሆናለች፤ ቃል ገብታልኛለች። ብቻዬን አይደለሁም። ጻፊ።

ድምቢጥ


ግንቦት 12 ቀን

ድምቢጤ፤

ተቀመጪ። ያቺን ሴት እጅሽን ያዢኝ በያት።

አባባ አርፈዋል። ኅዳር ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ በወንበራቸው ላይ፣ ብርድ ልብስሽን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ። ሲቃ አልነበረም፤ ጣር አልነበረም። የሐኪም ቤቱ ሰው «ልባቸው ነው፤ ከአጠገባቸው ብትሆኑም የምታደርጉት አልነበረም» ብሎናል። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ስታነቢ እንድትይዢው ነው።

እኔ የዚያን ሰዓት ልብስ እያጠብኩ ነበር። ገንዳውን ለቅቄዋለሁ። ማጉረምረም ሰማሁ። ሽማግሌው ነው ብዬ ማሸቴን ቀጠልኩ። ገንዳው ደርቆ እንኳ ድምፁ ትንሽ ቆየ፤ ምን አጎደልንበት ደግሞ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ ዝም አለ። ልብሱን አስጥቼ ስገባ አባባ ራሳቸውን ወደ ጓሮው መስኮት መልሰው ነበር።

አንቺ ቱቦውን አባት ነው ብለሽ ወደቅሽ። እኔ አባትሽን ቱቦ ነው ብዬ ልብስ አጠብኩ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ሳፋ ላይ ያስቀመጠኝ ይህ ነው። ከሰው ጋር አልተነጋገርኩበትም፤ ወንድምሽም የሰማው ዛሬ ነው። ይህን ወረቀት አንብቤለት ነው የምልክልሽ። «እንዳለ ላኪላት» ብሎ ነው የተነሳው።

ያልነገርንሽ ተመካክረን ነው። ያለፈውን ልጅ በዚያ አገር ብቻሽን ሆነሽ ነው ያጣሽው። ባልሽ ባሕር ላይ ነው። ወንድምሽ «ከመርከብ እስኪወርድ፤ ከዚያ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። የሚጻፍ ነገር ስፈልግ ሽማግሌውን አገኘሁ።

ብርድ ልብሱ ለምን ታጠበ ላልሽው። እስከ ጥር ድረስ ወንበሩ ላይ እንደነበረ ነበር። እኔ እየዞርኩት አልፋለሁ፤ ወንድምሽ ግን ወደዚያ ክፍል መግባት ተወ። አንድ ጠዋት «አንሺልኝ» አለኝ። ምን ላድርገው? አጣጥፌ ላስቀምጠው ስል የአባባ ቃል ትዝ አለኝ። በቁማቸው ሳሉ ውሃ አላየም፤ ቃላቸው ተጠብቋል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ቀድቼ በእጄ አጠብኩት። ያን ሁሉ ሱፍ አራገፈ። ቱቦውም ውጦ ታነቀ። ወንድምሽ በጎማ ሲደቃው፣ ነቅለን እንጣለው ሲል፣ ቱቦው ስለታፈነ ብቻ አልነበረም፤ ያን ማጉረምረም መስማት አልቻለም። እኔ ደግሞ ያንን ድምፅ ከቤታችን ማውጣት አልቻልኩም።

ጉድፉን አረንጓዴ ብዬ ስጽፍልሽ ብዕሬን ማንም አልገፋውም። ተሳስቼ ይሁን ወይስ እንድትይዢኝ ፈልጌ፣ እኔም አላውቀውም። መዋሸት ይከብደኛል፤ ዝም ማለት ግን እችልበታለሁ፤ እሱም አለቀብኝ።

የእሳቸውን መስመር ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። አለ። ማርገዝሽን የነገርኳቸው ቀን ያጻፉኝ ነው፤ ደብዳቤው ሳይላክ አረፉ። እሳቸው እንዳሉት እነሆ፤

«ለድምቢጥ። ልጁ ወንድ ከሆነ በእኔ እንዳትጠሪው፤ ስሜ ቱቦ ላይ ነው ያለው። ውሃ በደንብ ጠጪ። አባትሽ።»

እትዬ


ሐምሌ 6 ቀን

እትዬ፤

መልስ የቆየብሽ ቂም ይዤ አይደለም። ደብዳቤሽን በገባሁት ቃል መሠረት ተቀምጬ ነው የከፈትኩት። ያቺ ሴት ቋንቋችንን አታውቅም፤ ግን እስከ መጨረሻው እጄን አልለቀቀችኝም። የእሱን መስመር ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም።

ባለቤቴ ደረሰ። ወለድኩ። ወንድ ነው። ራሰ በራ ነው፤ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ጠብቶ ሲጨርስ የሚያጉረመርም፣ መጨረሻ ላይም «እህህ» የሚል። ባለቤቴ ምን እንደሚያስቀኝ፣ ምን እንደሚያስለቅሰኝ አልገባውም። የአባባን ቃል አፍርሻለሁ፤ ልጁን ሽማግሌው ብዬዋለሁ። ለቱቦው ሌላ ስም ፈልጉለት።

ስለዚያ ማጉረምረም የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። እኔም ብሆን ማሸቴን እቀጥል ነበር። ይህን ነው የምነግርሽ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በዚያ ቤት ሳይታጠብ የቀረ የእሱ ነገር አለ?

ድምቢጥ


ነሐሴ 1 ቀን

ለድምቢጤና ለአዲሱ ሽማግሌ፤

ዕድሜው እንደ ግንባሩ ይብዛ። ወንድምሽ ደብዳቤሽን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ መልስ ልጽፍ ስል እንኳ በልመና ነው የሰጠኝ።

አለ። ቆባቸው። ወደ ገንዳው ሁለቴ ወስጄ ሁለቴ መልሼዋለሁ። ሽቦውን ላመጣልን የመርከብ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አፉን በደንብ አስሬዋለሁ። ለብቻሽ ሆነሽ ክፈቺው፤ ደግሞ ቶሎ መልሰሽ እሰሪው፤ ሽታው ያልቅብሻል።

ቱቦው እስካሁን ስም አልወጣለትም። እንዲሁ ያጉረመርማል። ወንድምሽ ከሥራ ሲገባ አንዳንዴ ድምፁን ይሰማና ሳያስበው «አቤት» ይላል። ሰማችኝ ይሆን ብሎ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔ ልብስ እቆጥራለሁ።

እኔስ? አጥባለሁ። ማጉረምረም ስሰማ ገንዳው እየለቀቀም ቢሆን እጄን አድርቄ ወደ ክፍላቸው እሄዳለሁ። ወንበሩን አየዋለሁ። ከዚያ ተመልሼ ማሸቴን እቀጥላለሁ።

እትዬ